ፊልሙን የሠሩት ሟች

ደብረ ማርቆስ ላይ ለጣሊያኖች አስተርጓሚ ሳለሁ ነው። ሕዝቡ በአለንጋ እየተነዳ እልል ሲል እንዲያነሳ የታዘዘ አንድ ፊልም አንሺያቸው፣ ሥራውን ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "ለዚህ ውሸት ስሜን አልሰጥም፤ የማይጠየቅ ሰው ስም ፈልግልኝ" አለኝ።

አንጀቴን በላው። አርበኛው አጎቴ ግራዝማች አዳሙ ሞቱ ተብሎ ተዝካራቸውን ከበላን ሰንብተናል። ሟችን ማን ይጠይቃል ብዬ የእሳቸውን ስም ሰጠሁት። አለቆቹም "የአገሬው ሰው ሠራልን" ብለው ፈነደቁ።

ፊልሙ ገበያው መሃል በተወጠረ አቡጀዲ ላይ ሲታይ፣ ስሙን ለሕዝብ የማሰማው እኔው ሆንኩ።

"ይህን የሠሩት ግራዝማች አዳሙ ናቸው!"

ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ከኋላዬ ጎሸም አደረገኝ።

"አንተ" አለኝ በጆሮዬ፣ "ተዝካሬን መብላትህስ ይሁን። ይህን ግን እኔ አልሠራሁም!"