የክረምት ተማሪዋ ቅሬታ

በዚያ ክፍል ውስጥ ተማሪ የሚባል ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከየአካባቢው ይመጡና፣ መደበኞቹ ተማሪዎች ለእረፍት ለቀውት በሄዱት ዶርም ገብተው፣ ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ የሚማሩ የክረምት ተማሪዎች ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲቆጡ ለከረሙ ሰዎች በተራቸው የሚቆጣቸው ይመጣል። ይሁንና አመላቸው በቀላሉ የሚለቃቸው አልሆነም። ሌክቸረሩ ከመግባቱ በፊት አንዱ ብድግ ብሎ ሰሌዳውን ያጠፋል፤ ሌላዋ መስኮት ትከፍታለች፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ካወሩ ከኋላ «እናንተ ልጆች!» የሚል ድምፅ ይመጣል። «ልጆቹ» ልጅ የዳሩ ናቸው።

ከእነዚህ አንዷ እትዬ ጠመኔ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው የዶርም ጓደኞቻቸው ናቸው። ከቦርሳቸው ስባሪ ጠመኔ ጠፍቶ ስለማያውቅ፣ መነጽር ፍለጋም ይግባ ቁልፍ ፍለጋ፣ እጃቸው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው ያስተማሩት። ከፍ ወዳለ ክፍል ይዛወሩ ሲባሉ «ቀና ብዬ የማየውን ልጅ አልቆጣም» ይላሉ፤ ቁመታቸው አጭር ነው። ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በየክረምቱ ሻንጣቸውን ተሸክሞ እስከ ካምፓሱ በር ሲሸኛቸው «እኔ የተማረ ይግደለኝ ብዬ አገባሁሽ፤ አንቺ ደግሞ እስከ ዲግሪ ድረስ ልትገድይኝ ነው» እያለ ያሾፍባቸዋል።

የመጨረሻው ክረምት መጣ። የቀራቸው አንድ ከበድ ያለ ኮርስ ነበር፤ የትምህርት ሥነ ልቦና። እሱን ካለፉ ይመረቃሉ። ከወደቁ ግን ኮርሱ በየክረምቱ አይሰጥምና፣ ዲግሪውን ጡረታ ሊቀድመው ነው። ጋዋኑ ተለክቷል፣ ባለቤታቸውም ለዕለቱ የሚለብሰውን ኮት አስጠብቧል።

በመጀመሪያው ቀን ሌክቸረሩ ሲገባ ክፍሉ በልማድ ብድግ አለ። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ሀንድአውቱን ደረቱ ላይ አቅፎታል። ዓይኑ ከፊት ወንበር ላይ ሲያርፍ ግን እግሩ ቆመ።

«እትዬ! ኧረ እርስዎ ይቀመጡ!»

እትዬ ጠመኔ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። ማንነቱን የነገራቸው ፊቱ አልነበረም። ሲደነግጥ አንገቱን ወደ ትከሻው የሚቀብራት ነገር ነች። ሁለተኛ ክፍል እያለ ማንበብ አቅቶት ያስደገሙት ልጅ ነበር።

እሱም አልደበቀም። ወደ ክፍሉ ዞሮ «ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው» አለ። «ሁለተኛ ክፍልንም እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ሁለት ጊዜ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱም ተቸገሩ። እሱ ሌላውን ሁሉ እየጠቆመ ሲጠይቅ እሳቸውን ይዘላል። እሳቸው እጃቸውን ሲያወጡ «አቤት እትዬ!» ይላል፣ እንደተጠራ ልጅ። በካፌው ሰልፍ ላይ ቀልዱ አያልቅም።

«እትዬ ጠመኔ፣ እርስዎ ምን አለብዎት! ፊደል ያስቆጠሩት ልጅ ማርክ ይቆጥርልዎታል።»

«ያስደገሙትንም ቢቆጥርባቸውስ?» ይላል ሌላው።

አብረው ይስቃሉ። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም። ስንቱ ወላጅ ደጃቸው ድረስ መጥቶ «ለልጄ ትንሽ ይጨምሩለት» ብሎ ሲለምናቸው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ሳይጨምሩ የሸኙ ሴት ናቸው። አሁን በስተርጅና ተጨመረላቸው መባል ደረታቸው ላይ ቁጭ ብሎ አልወርድ አላቸው።

ፈተናው ደረሰ። ሌላውን እንደነገሩ ተወጡት። የመጨረሻውና ትልቁ ጥያቄ ግን ልጆች እንዴት እንደሚማሩ የሚናገሩ ሁለት ንድፈ ሐሳቦችን አነጻጽሩ የሚል ነበር። አንደኛው ትዝ አላቸው። ሁለተኛው ላይብረሪ ውስጥ ካነበቡበት ገጽ ጋር ፊታቸው ድቅን እያለ ስሙ ግን አልመጣ አለ። ባዶ ከመተው ብለው ስለ አንድ ግራኝ ልጅ ጻፉ። እርሳሱን በግድ በቀኙ ቢያስይዙት ልጁ ከክፍል መቅረት እንደጀመረ፣ ወደ ግራው ሲመልሱለት ደግሞ ከጓደኞቹ ቀድሞ መጻፍ እንደቻለ ተረኩ። ሲወጡ ለክፍል ጓደኛቸው ለሒሳብ አስተማሪዋ «ጥያቄውን ትቼ ተረት አውርቼ ወጣሁ» አሏት።

ከሳምንት በኋላ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ የታረሙትን ወረቀቶች ለየባለቤቱ ማሳየት ጀመረች። እትዬ ጠመኔ መታወቂያቸውን ሰጥተው ወረቀታቸውን ገለጡ። የመጨረሻው ጥያቄ ሙሉ ማርክ አግኝቷል። ያ ማርክ ባይኖር እንደማያልፉ በዓይናቸው ደመሩት። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይላል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሙ ናቸውና ወረቀቱን እንደ ሰው ወረቀት አነበቡት። ከግማሽ በላይ የሚያሰጥ ነገር አላገኙበትም።

ማታ ዶርም ውስጥ ለሒሳብ አስተማሪዋ አጫወቷት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ትሰፋ ነበር።

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ሄጄ ልጠይቀው ነዋ።»

«ምን ብለሽ? በዛብኝ ብለሽ? አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም! ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«ነገ ሰው ዲግሪዬን ሲያይ ያስተማረችው ልጅ ሰጣት ይላል።»

«ይበል! ዲግሪ ላይ ማን ሰጠሽ ተብሎ አይጻፍም። ነይ ተኚ አሁን።»

ተኙ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም። በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሌክቸረሩ ቢሮ ሄዱ። ገና ሲያያቸው ተነስቶ የራሱን ወንበር አቀረበላቸው።

«ተቀመጥ፤ ተማሪህ ሆኜ ነው የመጣሁት። የማርክ ቅሬታ አለኝ።»

ፊቱ ወደቀ። «አነሰብዎት እትዬ?»

«በዛብኝ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ጥያቄው አነጻጽሩ ይላል። እኔ አንዱን ረስቼ ስለ አንድ ግራኝ ልጅ ነው ያወራሁልህ። አንተ ሙሉ ሰጠኸኝ። ሙሉ የሚያሰጠው ምኑ ነው? ነው ወይስ...»

«የግራኙ ልጅ ወረቀት የእርስዎ ነው?» አለ፣ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም ሳይቀረው።

እትዬ ጠመኔ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በመለያ ቁጥር እኮ ነው የማርመው። ስም የለበትም። ያቺን ወረቀት ለባልደረቦቼ ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ፤ ማን እንደጻፋት ግን አላውቅም ነበር።»

«የእጅ ጽሑፌንስ?»

«እኔ የማውቀው የሰሌዳ ጽሑፍዎን ነው። በእስክሪብቶ ሲጽፉ የት አይቼ?»

ልጅ እያለ ሲዋሽ ጆሮውን የሚያሽ ልጅ ነበር። እጆቹን ተመለከቱ። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ያኔ አመኑት፤ ከደረታቸው ላይም ያ ነገር ወረደ።

«በል ይቅር በለኝ። ልሂድ።»

«አይ እትዬ» አለ ሌክቸረሩ ራሱን ይዞ። «አሁንማ አወቅኩት። ግሬዱ ገና ሬጅስትራር አልገባም። ቅሬታ አለኝ ብለው ከተናገሩ በኋላ እንዳለ ባስገባው ለአስተማሪው አደላ እባላለሁ። ብቀንሰው ደግሞ ሁለተኛ ክፍል የደገመበትን ተበቀለ እባላለሁ። ምን ላድርግ?»

እትዬ ጠመኔ ያመጡትን ጣጣ የተረዱት ያን ጊዜ ነው። የፈሩትን ነገር በገዛ አፋቸው ወለዱት።

ተያይዘው ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ሄዱ። ኃላፊው ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ሰማና «እዚህ ቢሮ ማርክ ይጨመርልኝ ብሎ የማይመጣ የለም፤ ይቀነስልኝ ያለኝ ሰው ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ደንቡ ግን ግልጽ ነበር። አራሚውና ተፈታኙ የሚተዋወቁ ከሆነና ቅሬታ ከተነሳ፣ ወረቀቱ በሁለተኛ አራሚ ይታያል። ሁለተኛዋ አራሚ ሌላ ካምፓስ ያሉ አንዲት ፕሮፌሰር ናቸው። እሳቸው ደግሞ ለጥናት ወጥተዋል፤ የሚመለሱት ከምረቃው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የእትዬ ጠመኔ ግሬድ ያልተሟላ ተብሎ ይቆያል።

ያልተሟላ ግሬድ ይዞ የሚመረቅ የለም።

በምረቃው ዕለት የሒሳብ አስተማሪዋን ጋዋን የተኮሱላት እሳቸው ነበሩ። «እኔ ነግሬሽ ነበር» እያለች ታለቅሳለች። «ቁሚ፣ ይጨማደድብሻል» ይሏታል። አዳራሹ ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር ከቤተሰቦች መሃል ተቀመጡ። የክፍላቸው ሰዎች ስማቸው እየተጠራ ሲያልፍ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ባለቤታቸው በጠበበው ኮቱ ውስጥ እየተቁነጠነጠ ብዙ ታግሶ፣ በመጨረሻ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«እስቲ አሁን ያቺን አፍሽን አንድ ቀን ብትዘጊያት ምን ነበረበት?»

«ምንም» አሉ እትዬ ጠመኔ። ቤት ሲደርሱ ግን ጓዳ ገብተው ለብቻቸው ትንሽ አለቀሱ።

ትምህርት ቤት ተከፈተ። አንድ ረፋድ ላይ ልጆቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ስልካቸው ጮኸ። ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሌክቸረሩ ነው።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! አልፈዋል። ሲ ነው።»

«ያንተ ስንት ነበር?»

«ቢ።»

«ፕሮፌሰሯ ምን አሉ?»

«ወረቀቱ ላይ ጽፈዋል። 'ተፈታኙ ከጥያቄው ወጥቷል፤ ልጁን ግን ያውቀዋል።' ግማሹን ሰጥተው፣ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ደግሞ እኔ ካረምኩት ትንሽ ለቀቅ አድርገው አርመውታል።»

«ተፈታኙ? ወንድ አደረጉኝ?»

«ማን እንደሆኑ አያውቁማ።»

እትዬ ጠመኔ ፈገግ አሉ። «ልክ ናቸው፤ ግማሽ ነው የሚገባው» ብለው አመስግነው ዘጉ። ልጆቹ በበሩ ቀዳዳ እያዩ ሲንሾካሾኩ፣ ለባለቤታቸው ደወሉ። መንገድ ላይ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ያጉረመርማል።

«ተመረቅኩ» አሉት።

«ተይ እንጂ! በስንት?»

«በሲ።»

«ሲ ጥሩ ነው?»

«ያሳልፋል።»

«በቃ!» አለ በጩኸት። «እኔም መንጃ ፈቃዴን እንደዚያው ነው ያገኘሁት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም!»