የወደቀ ተማሪ ጥራልኝ

ጋዲሴ ሾላ ገበያ ምስርና ባቄላ መሸጥ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆናት። ከዚያ በፊት ከእንጦጦ ጀርባ ገበሬ ነበረች። ሁለቱም ሥራ ያስተማራት አንድ ነገር ነው፦ እህል የሚገዛ ሰው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል። ነጋዴ መልካሙን ከላይ፣ የነቀዘውን ከታች ያደርጋልና። እሷም ታደርጋለች፤ ጻድቅ አይደለችም።

ልጇ ኢፍቱ ግን የተማረች ናት፤ ወረቀት ታምናለች። ነርስ መሆን ነው ምኞቷ። መገናኛ ታክሲ ስትጠብቅ የታደላትን የኮሌጅ በራሪ ወረቀት ሳምንቱን ሙሉ ትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች። ወረቀቱ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሱ አራት ወጣቶች ሽቅብ እያዩ ይስቃሉ። በሽተኛ አንድም የለም። ሰማይ ላይ ምን የሚያስቅ ነገር እንዳገኙም አልተጻፈም።

ቅዳሜ የጉብኝት ቀን ነው ተባለና እናትና ልጅ ሄዱ። መዝጋቢው ለይኩን በሰማያዊ ከረባት ተቀበላቸው። ወለሉ ያንሸራትታል፣ ሶፋው ሰው ይውጣል፣ ኬኩ አያልቅም። ኢፍቱ በየመስታወቱ ፊት ፎቶ ተነሥታ ስታበቃ የትምህርቱን ሦስት ዓመት እዚሁ ልታስረክብ፣ ቅጹን ልትሞላ እስክሪብቶ አወጣች።

«ቆይ እስቲ» አለች ጋዲሴ። ወደ ለይኩን ዞራም፣ «ልጄ፣ ከተማሪዎችህ አንድ የወደቀ ጥራልኝ» አለችው።

«እናቴ፣ እኛ ጋ የሚወድቅ የለም። መቶ በመቶ ያልፋሉ። ወረቀቱም ላይ አለልዎት።»

«ምስር እንኳ ሲበጠር እንክርዳድ ይወጣዋል። ወንፊት የላችሁም ማለት ነው?»

«እማዬ፣ በናትሽ አታዋርጂኝ» አለች ኢፍቱ በጥርሷ መሃል።

ጋዲሴ ኬኳን ጨርሳ ተነሣች። ኬኩ ምን በደለ።

ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ሌላ ኮሌጅ አለ። ኢፍቱ ዳገቱን ሙሉ እንዳኮረፈች ወጣች። ቀለሙ የተላጠ፣ ሶፋ የሚባል ያልዞረበት ግቢ ነው። መምህርቷ ሥርጉት እጇን እያደራረቀች ወጣች። የጋዲሴን ያንኑ ጥያቄ ስትሰማ አልሳቀችም።

«የወደቀ? ሞልቷል» አለችና ወደ ውስጥ ተጣራች። «ሀሴት፣ ነይ እስቲ።»

ሀሴት ደም መቅዳት የሚለማመዱበትን የጎማ ክንድ እንደ ዳቦ በብብቷ ሸጉጣ መጣች። ኢፍቱ ኩርፊያዋን ረስታ እናቷን ቀደመቻት።

«ለምንድን ነው የወደቅሽው?»

«ደም ሥር እስት ነበር። ሁለቴ ጣሉኝ።»

«አያናድድም?»

«ሳምንት አልቅሻለሁ። ግን ያኔ ቢያሳልፉኝ የማንን እጅ ነበር የምወጋው? ያንቺን።» የጎማውን ክንድ ዳበሰች፣ መርፌውን ሰደደች። ቀይ ቀለም የቀላቀሉበት ውኃ በአንዴ ሽቅብ መጣ።

«እኔስ ልሞክር?» አለች ኢፍቱ። ሞከረች፣ ሳተች። ደገመች፣ ሳተች።

«ገና ሳትመዘገቢ ወደቅሽ» አለቻት ሥርጉት።

ኢፍቱ ሳቀች፤ ለሳቋም ሰማይ ማየት አላስፈለጋትም። «ምዝገባው ሰኞ ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ስትል ጠየቀች።

ቁልቁል ሲወርዱ በየጆንያው የሚገባውን የእናቷን ክንድ ይዛ በጣቷ ደም ሥር ትፈልግ ነበር።

«ኧረ ተይኝ፣ ሰው ያየናል» አለች ጋዲሴ። ክንዷን ግን አልነጠቀቻትም።