እሾህ ያለበት የሠርግ ፓይ

ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። እናቴ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር፤ ፓይ መጋገር ያስተማረችኝ እሷ ናት። በቅቤ የታሸ ሊጥ በስሱ ይዳመጥና ቴምር ይሞላበታል፤ ላዩ በሌላ ሊጥ ተከድኖ ይጋገራል። እናቴ ክዳኑን ሁልጊዜ የምታስጌጠው በጽጌረዳ ነበር። ጽጌረዳ ደጃችን አልነበረም፤ ከብስኩት ጣሳ ላይ አይታ የቀዳችው ነው።

አግብቼ ሰመራ ስገባ ግን ዓይኔ የሚያየውን መቅረጽ ጀመርኩ፤ የግራር ቅርንጫፍ፣ የዘንባባ ቅጠል፣ የሳላ ቀንድ። ሰመራ ፀሐይ ከወጣች ቅቤ ያለበት ሊጥ እጅ ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲኖረኝ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ትሪውን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ በትንሽ ቢላ እቀርጻለሁ።

አምና ባሌ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ ሚስት ወንድ ልጃቸውን ሲድሩ ብዙ ፓይ አዘዙኝ። ሙሽራዋ የጎረቤታችን ከተማ የዱብቲ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ የጥጥ እርሻ ሠራተኞች ናቸው። በሠርጉ ዋዜማ ማለዳ ሴትዮዋ ሥራዬን ሊያዩ መጡ። ሊጡ ገና ምድጃ አልገባም ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ግራር ነው፣ እትዬ።»

«እሾህ በሠርግ ይቀርባል እንዴ? ፍቂውና ጽጌረዳ አድርጊበት። ደግሞ ይሄ በረሃ ምን የሚያምር ነገር አለውና ነው የምትስይው?»

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ «እሺ በያቸው» በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አዋሽም ሰመራም ያው አንድ በረሃ ነው፤ ያደግሁበትን ምድር ነው የሰደቡት።

«አልፍቀውም» አልኳቸው።

«እንግዲያው አልወስደውም።»

«ይተዉት።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ባሌ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «አለቃዬ እኮ ናቸው ባልየው» አለ። «ያንተ አለቃ ናቸው፤ የእኔ አይደሉም» ብዬው ፓዮቹን ምድጃ ውስጥ ከተትኩ።

በስለው ሲወጡ እሾሁ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ቆሟል። በባጃጅ ጭኜ ዱብቲ፣ ሙሽራዋ ቤት ሄድኩ። እናቷን ደጅ አገኘኋቸው።

«እነዚህን ፓዮች ለልጅዎ ሠርግ አማቷ አዘውኝ ነበር። እሾህ አለባቸው ብለው መለሷቸው። ካልወደዳችኋቸው ይዣቸው እሄዳለሁ» አልኳቸው።

ሙሽራዋ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተፈታ ብቅ አለች። ጎንበስ ብላ አየችና በጣቷ እሾሁን ነካ አደረገችው።

«ከቤታችን ጀርባ ያለውን ግራር ነው የሚመስለው» አለች።

እናቷ ፈራ ተባ አሉ። «አማትሽ ይቀየማሉ፣ ልጄ።»

«ይቀየሙ፣ እማዬ። ነገ እኔ ፊት ይቀመጡ።»

እንዳለችውም ሆነ። ፓዮቹ ሙሽሮቹ ፊት ተቀመጡ፤ እንግዳው እየቆረሰ በላ። አማቲቱ አልቀመሱም።

ባሌ ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ማንም የማይወደውን የመስክ ሥራ እየተመደበ ሰርዶ ወደምትባል የበረሃ መንደር ተመላለሰ። «በአንቺ ጦስ ነው» ብሎ አኮረፈኝ። ሊሆን ይችላል። አሳዝኖኛል፤ ግን ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ ሲለኝ አልሄድኩም። ሴትዮዋ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁ።

ጽጌረዳ የሚፈልግ ደንበኛ አሁንም ይመጣል። አልሠራም እለዋለሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄዳል። ይሂድ።