ስሙ በ«ጉዞ» የሚጀምር ሁሉ

የአምቡላንስ ጣቢያው ሰዎች «መጥረጊያዋ» ይሏታል። ሥራዋ የኮምፒውተር ባለሙያነት ነው፤ አሮጌ ነገር ሲከማች ግን ዓይኗ አይችልም። እናቷ እንኳ የተሰነጠቀ ሳህን የምትደብቀው ከሌባ ሳይሆን ከገዛ ልጇ ነው። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ!

አምቡላንሶቹ የት እንደደረሱ፣ የት እንደቆሙ በየደቂቃው የሚላከው መረጃ እሷ ማሽን ላይ ይጠራቀማል፤ ሰው ሲጠይቅ ፈልጎ የሚያወጣውም ይኸው ማሽን ነው። ሞልቶ መንፏቀቅ ሲጀምር «የድሮውን ላጥፋ?» እያለች በየቢሮው ትዞራለች። ሁሉም «ይቆይ!» ይላታል። አንጀቷ አረረ። በመጨረሻ ማንንም የማይጠይቅ ደንብ ሠራች፦ ስሙ በ«ጉዞ» የሚጀምር መረጃ ሁሉ አዲስ ሳለ ፈጣኑ ማሽን ላይ ይቀመጥ፣ ሲያረጅ ወደ ቀርፋፋው ይውረድ፣ ሦስት ወር ሲሞላው ራሱ ይጥፋ። እሰይ! ማሽኑ ነፍስ ዘራ፣ አለቃዋም አመሰገናት።

ብዙም ሳይቆይ አንጋፋው ሾፌር መጡ። አምቡላንስ የዘገየባት አንዲት እናት ሞታ፣ «መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ ነው» ተብለው ተከሰዋል።

«ልጄ፣ መኪናዬ የትም እንዳልቆመች ያንቺ ማሽን ያውቃል። የዚያን ቀኑን እንዳታጠፊብኝ።»

«ጋሼ ደግሞ! እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል?»

ከልቧ ነበር። የዚያን ቀን መረጃ አወጣችና አየችው፤ እውነትም መኪናዋ አልቆመችም። ለብቻው ገልብጣ አስቀመጠችው። ስሙን ግን ከልማድ «ጉዞ የጋሼ» አለችው። ደንቡ ደግሞ ጋሼን የት ያውቃል? የሚያውቀው «ጉዞ»ን ነው።

ክሱን የሚያየው አጣሪ ኮሚቴ ዛሬ ነገ እያለ ከረመ። በቀጠሮው ጠዋት «አውጪው» ተባለች። ፈለገች፤ የለም። ደግማ ፈለገች፤ የለም! ክው አለች። ቅጂው ሦስት ወር ሞልቶት ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖት ኖሯል። የጠፋ የሚመለስበት መጠባበቂያም የሚይዘው የአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እሱንም ያሳጠረችው ራሷ ናት።

አለቃዋ ወደ ኮሪደሩ ጎተታት። «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው በይ። ማን ያውቅብሻል?»

እሷ ግን ኮሚቴው ፊት ገብታ አፍረጠረጠችው። «ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መኪናዋ እንዳልቆመች ግን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ዓይንሽን ፋይል ውስጥ ማስገባት አንችልም፣ እህቴ።»

ጋሼ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ደጅ ላይ ስትደርስባቸው እንባዋ ቀደማት።

«ይርገሙኝ ጋሼ! ይስደቡኝ!»

«ምን ብዬ ልርገምሽ? ሥራው ይቅር፣ እኔም ደክሞኛል። የሟቿ ልጅ ግን ጎረቤቴ ነው፣ በር ለበር ነን። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ያዞርብኛል። ለእሱ ላሳየው ነበር እኮ።»

«እኔ መጥቼ ልንገረው።»

«ያጠፋሽውን ምን አድርገሽ ታሳዪዋለሽ፣ ልጄ?»

ቢሆንም ተከትላቸው እስከ ጎረቤታቸው ደጅ ሄደች። በሩን የከፈተው ጎልማሳ ጋሼን ሲያይ ፊቱን አዞረ፤ እሷ ገና አፏን አልከፈተችም።