ጥርሱ የበለዘው ንጉሥ

ልጅ ሳለሁ አየር ጤና ከፌርማታው ጀርባ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግኑ ጋሽ ተካ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥራ እስክትመጣ የምቆየው እሳቸው ሱቅ ነበር። መብራት ሲጠፋ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ያኔ ጋሽ ተካ ሻማ ለኩሰው የብየዳ ብረታቸውን ከሰል ላይ ይጥዱና፣ ብረቱ እስኪግል ወሬ ይጀምራሉ። የዚያ ብየዳ ጭስ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ምን ያላወሩኝ ነገር አለ! ሦስት ልብ ስላለው የባሕር እንስሳ፣ ካርታ ሳይኖራቸው በእንጨት ጀልባ ውቅያኖስ ስላቋረጡ ደፋሮች። «ስሚኝማ አንቺ ልጅ» ካሉ ትንፋሼን ውጬ ነበር የምሰማቸው። ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን የብሉቱዝ ነገር ነው። ትርጉሙ ሰማያዊ ጥርስ ነው አሉኝ፤ ድሮ በበረዶ አገር አንድ ጥርሱ የበለዘ ንጉሥ ነበር፣ የተጣሉትን አስታርቆ አንድ ያደረገ፤ የማይግባቡ ዕቃዎችን ያለ ሽቦ ያግባቡት ሰዎችም ሥራቸውን በእሱ ቅጽል ስም ጠሩት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ተናገርኩት። አስተማሪው ሳይቀሩ ሳቁብኝ፤ ስሜም «ሰማያዊ ጥርስ» ሆኖ ቀረ። እያለቀስኩ ሱቁ በር ላይ ቆሜ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ውሸታም ነዎት!» አልኳቸው።

በትንሽ በትልቁ የሚቆጡት ሰውዬ አልተቆጡም። «ሬዲዮ ላይ ነበር የሰማሁት፤ ተሳስቼ ይሆናል» ብለው አቀረቀሩ። ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም ወሬ የለም፤ ከሰሉ ሲንጣጣ ብቻ እንሰማለን። አፍሬ ነበር፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለ።

ከዓመታት በኋላ የራሴን ስልክ ሳገኝ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ የፈለግኩት ያንን ንጉሥ ነው። እውነት ነበር! ስልኩን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። የንጉሡ ነገር እውነት ነው።»

«እውነት ነው እንዴ? ኧረ በስመአብ! እኔ እኮ ልጅ አሳሳትኩ ብዬ ስንት ዓመት ስቆጭ!»

ከዚያ የብሉቱዟን ምልክት አሳየኋቸው። የሠፈራችን ጠጋኞች «ቢራቢሮዋ» ነበር የሚሏት፤ ጋሽ ተካ በቀን ስንቴ «ቢራቢሮዋ አልበራ አለች» እያሉ ሲነካኳት ኖረዋል። ምልክቷ የንጉሡ ስምና ቅጽል ስም መነሻ ፊደላት በአገሩ የጥንት ጽሕፈት ተደራርበው የተሠራች እንደሆነች ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውርደው ጠጋ ብለው አዩአት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ታዲያ ሰውዬው እስከ ዛሬ እያስታረቀ ነዋ!» አሉ፣ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን እያዩ።

ብዙ የሰማሁት ነገር ተረስቶኛል። ቢራቢሮዋ ስልኬ ላይ በበራች ቁጥር ግን ያ የታረቅንበት ምሽት ይመጣብኛል፤ መብራት ሳይጠፋ ጋሽ ተካ ራሳቸው ብድግ ብለው አምፖሉን አጠፉና ሻማ እየለኮሱ፣ «ስሚኝማ አንቺ ልጅ» አሉኝ።