ገድሎ ለቅሶ የሚደርስ ሰው

ያን መጽሐፍ ከሁሉም በላይ የነቀፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሌላ ሰው ከሚያወጣብኝ እኔው ላውጣው።

በመካነ ሰላም የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ጣቴ ፈጣን፣ ምላሴ ደግሞ ከጣቴ የባሰ። መጽሐፉን ያመጣው ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄዶ የተመለሰ አንድ መምህር ነው። ከፈረንጅ ቋንቋ የተተረጎመ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከእጅ እጅ ሲዞር ጠርዙ የጠቆረ መጽሐፍ ነበር። ሰፈር የሚያከብረው አንድ ልብስ ሰፊ ሰባት ሰዎችን አንድ በአንድ አንቆ ይገድላል። ታሪኩ ይኸው ነው።

እኛን ያጣላን ግድያው አልነበረም። ግድያማ ምን ይገርማል! ያጣላን ሰውዬው ከገደለ በኋላ የሚያደርገው ነው። የእያንዳንዱን ሟች ለቅሶ ይደርሳል። ከዘመድ መሀል ተቀምጦ ከሟች እናት ብሶ ያለቅሳል። ደራሲው ደግሞ አያፍርም፣ እንባው የውነት ነው ይላል።

ከጽሕፈት ቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አንዱን ወገን የምመራው እኔ ነበርኩ። «የአዞ እንባ ቢለን እሺ» እላለሁ፣ ብርጭቆዬን እየደበደብኩ። «የውነት እንባ ግን? በጭራሽ! የገደለ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ እግሩ ይተሳሰራል። ይሄ ደራሲ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም!» ያጨበጭቡልኛል። ሌላውን ወገን የሚመሩት የመዝገብ ቤታችን ሹም ነበሩ፤ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። «አንቺ ልጅ፣ ገና ሰው አላየሽም» ይሉኛል። «ሰውዬው አልዋሸም። ገድሏል፣ አዝኗልም። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ይገባል።»

«የእርስዎ ሆድ ይሆናላ፣ ጋሼ!» አልኳቸው አንድ ቀን። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁ።

በዚያው ሰሞን ከቆላው ሰው በረሃብ እየወጣ ነበር። በገበያው ዳር፣ በመስጊዱ አጥር ሥር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተኝቶ ነው የምናየው። እኛ እነሱን እያለፍን ሻይ ቤት እንገባለን፣ ስለ ሰባት የፈረንጅ ሬሳ ልንከራከር። አፈር ልብላ! ያን ጊዜ ግን አንዳችንም አላፈርንም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ መምህሩ ወደ አቀስታ ተዛወረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታችንን ይዞ በአቀስታ በኩል ደሴ በሚሄደው የጭነት መኪና ሊሳፈር ነው፤ መጽሐፉም አብሮት ሊሄድ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ያላነበበው ብዙ ነው፤ ክርክሩ ደግሞ ጦፏል። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ እንጃ፣ «እኔ በታይፕ እገለብጠዋለሁ» አልኩ። በሦስት ካርቦን፣ በመንግሥት ወረቀት፣ ራስጌው ላይ አንበሳው በታተመበት።

እንዲህ ባልኩ ማግስት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንድ የአጥቢያ ዳኛ ከዓባይ ቆላ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ጥምጣማቸው ጭቃ የነካው ሽማግሌ ነበሩ። የአጥቢያቸው ሰዎች የጻፉትን ደብዳቤ ይዘዋል፤ ጀርባው በጣት አሻራ ተሸፍኗል። ዘር እንኳ አልቀረንም፣ ልጆቻችን እየሞቱብን ነው፣ እህል ይላክልን ይላል። አውራጃ ገዥው አነበቡና ጠርዙ ላይ «ለደሴ ይጻፍ» ብለው ወደ እኔ መሩት። ገጽ እንኳ የማይሞላ ደብዳቤ ነው፤ ለእኔ የሩብ ሰዓት ሥራ።

ሽማግሌው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። «ልጄ፣ ለቅዳሜው መኪና ይደርሳል?»

«ኢንሻአላህ፣ አባባ» አልኳቸው። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ይለዋል።

«አላህ ያክብርሽ» ብለው ወጡ። እኔም ደብዳቤውን አንድ ጥግ አስቀምጬ ካርቦኔን ከላዩ ጫንኩበት።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ ልብስ ሰፊውን ስገለብጥ ዋልኩ። አለቃ ሲመጣ ሥራ የበዛባት እመስላለሁ፤ ደግሞም በዝቶብኛል! አርብ ከሥራ ልንወጣ ስንል ጨረስኩ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሲነሳ በመስኮት መጽሐፉን ለመምህሩ አቀበልኩት፣ ሳቅንም፣ መልካም መንገድ ተባባልን። ደብዳቤው ካርቦኑ ሥር ነበር። ረሳሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ትዝ አለኝ፣ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳል» ብዬ አለፍኩት። የኔ ኃጢአት ይኸው ነው፤ ሌላውን ሁሉ የወለደው እሱ ነው።

ከዚያ ክረምቱ በረታ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናው ጭቃ ያዘውና ሳይመጣ ቀረ። ለራሴ ስንት ጊዜ «የዝናቡ ጥፋት ነው» ብያለሁ መሰላችሁ!

ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። አሁን ብቻቸውን አልነበሩም። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ የልጃቸውን ልጅ አዝለዋል። እናቷን ቆላ ቀብረዋት መጥተዋል።

«ደብዳቤያችን ሄደ ወይ፣ ልጄ?»

«ሄዷል፣ አባባ። ያኔውኑ፣ በቅዳሜው መኪና» አልኩ።

ውሸቱ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ደብዳቤው በእጄ ሥር ነበር፤ በክርኔ ተጭኜዋለሁ። እሳቸው መርቀውኝ ሲወጡ ወዲያው ታይፕ አደረግሁት። ራስጌው ላይ ሽማግሌው መጀመሪያ የመጡበትን ሳምንት ቀን ጻፍኩበት። መዝገብ ቤት ስወስደው ሹሙ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፣ ቀኑን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። «ይሄ ቀን…» አሉ። «ምን አለበት፣ ጋሼ!» አልኳቸው። ደብዳቤውን ተቀበሉኝ። በወጪ ደብዳቤዎች መዝገቡ ላይ ግን እውነተኛውን ቀን አሰፈሩ። ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ደሴ ሄደ።

ሽማግሌውና ልጅቷ መስጊዱ አጥር ሥር ቀሩ፤ እህሉ እስኪመጣ ወደ ቆላ መመለስ የማይቻል ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጅቷ እየተንፏቀቀች መስኮቴ ሥር ትመጣለች። የታይፑን ድምፅ ትወደው ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ ነው ትላለች። እንደቆመ «አዝንቢው» ትለኛለች። ዳቦ እየደበቅሁ እሰጣታለሁ፤ መጀመሪያ ትበላ ነበር፣ በኋላ ሆዷ እምቢ አለ። ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ፤ መድኃኒቷ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚሰጥ አጥሚት ነው፣ እሱ ደግሞ ከእህሉ ጋር ነው የሚመጣው አሉን። ከደመወዜ ገዝቼ ላጠጣት ሞከርኩ። እንደ ልብ የሚሸጥ ዱቄት በገበያ ላይ አልነበረም፤ የተገኘውንም ሳልደርስላት ሌላው ይቀድመኛል።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን፣ የመጀመሪያው እህል ገባ። ከተማው ሁሉ ወጣ። ድልድሉ ጥያቄው ደሴ በደረሰበት ተራ ነው ተባለ። ስም ሲጠራ ሽማግሌው ልጅቷን አዝለው ከፊት ቆመው ነበር፤ የአጥቢያቸው ስም ሳይጠራ ዝርዝሩ አለቀ። ሁለተኛው ዙር ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ የእነሱ አጥቢያ የተመደበው በዚያ ዙር ነው። ዝርዝሩን የሚያነቡት የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበሩ። ወረቀቱን አጠፉና ወደ እኔ ሳያዩ ገቡ። የመሥሪያ ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ።

ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ልጅቷ ሞተች።

ለቅሶው መስጊዱ አጠገብ፣ አንድ ነጋዴ በፈቀዱት ግቢ ሆነ። መሥሪያ ቤታችን እንዳለ ሄደ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንደ አገራችን ደንብ። እግሬ አልተሳሰረም። ገባሁ፣ ሰሌን ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩ። እንዲያው ዝም ብዬ አይደለም፤ እንደ እህቴ ልጅ ነው ያለቀስኳት። ጎኔ ያሉት ሴቶች «ኧረ በቃሽ፣ ኧረ ተይ» እያሉ እጄን ያዙኝ። ሽማግሌው ከወንዶቹ መሀል ተነስተው ወደ እኔ መጡ።

«ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል። ደብዳቤዬን በጊዜው ልከሽልኛል፤ ያስተኙት ደሴዎቹ ናቸው። አላህ ወረታሽን ይክፈልሽ።»

ወረታሽን ይክፈልሽ! የባሰ አለቀስኩ። እንባዬ የውነት ነበር፤ እስካሁን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ቀና ስል የመዝገብ ቤቱ ሹም ከማዶ ተቀምጠው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ወደ እኔ ላለማየት ይመስለኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ መጽሐፍ ሻይ ቤት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ ሰዎች «ምላሷን ምን ነካት?» ይሉ ነበር።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ።

ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮቱ መጣ፣ ዘማች ተማሪዎች ወደ እኛም ደረሱ። አንዷ ዘማች፣ አፍሮዋ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ የመሥሪያ ቤታችንን ውይይት ትመራ ነበር። ቁም ሳጥን ስትበረብር የገለበጥኩትን ምዕራፍ አገኘችው። «በንጉሡ ወረቀት ላይ የቡርዧ ተረት!» አለች፣ ደስ ብሏት። «እንግዲህ እንሂሰው።» ጮክ ብላ አነበበችና እንደ ድሮው ለሁለት ተከፈልን። አንዱ ገዳዩ የፊውዳል ምሳሌ ነው ይላል፣ ሌላው መጽሐፉ ሰው ያደነዝዛል ይላል።

ዘማቿ ወደ መዝገብ ቤቱ ሹም ዞረች። «አባት፣ እርስዎስ? ገድሎ የውነት የሚያለቅስ ሰው አለ?»

እሳቸው «የለም» አሉ። «ድሮ አለ እያልኩ እከራከር ነበር። ተሳስቼ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የለም።»

የተናገሩት ለኔ ነው። ሊሸፍኑኝ ነው፤ ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ የዚያ ዓመት ወጪ መዝገብ ቆሟል። ምሕረታቸው እንደ በርበሬ አቃጠለኝ። ብድግ አልኩ።

«አለ!» አልኩ። «ጋሼ ያኔ ነበሩ ልክ። አለ!»

ዘማቿ አጨበጨበችልኝ። «ጓዲት የመደብ ጠላትን ለይታ አውቃለች» አለች፤ ሌሎቹም አጨበጨቡ። ሹሙ አላጨበጨቡም።

በሚቀጥለው ገበያ ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ጨው ሊገዙ መጥተዋል፤ ከእህል ተራው ግንብ ሥር አረፍ ብለዋል። እንዳዩኝ ፊታቸው በራ፣ «ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ?» አሉኝ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መጽሐፉን፣ ካርቦኑን፣ ቅዳሜውን፣ ሐሙስ ዕለት የዋሸኋቸውን፣ ተራው ለምን እንደዘገየባቸው። ይቅር በሉኝ ማለት ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። መሬት መሬት እያዩ፣ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ ይነኩ ጀመር፤ ከሶላት በኋላ ተስቢህ እንደሚሉት። «እህሉ የገባው ማክሰኞ» አሉ ለራሳቸው። «ረቡዕ፣ ሐሙስ…» ምን እንደሚቆጥሩ ወዲያው ገባኝ። የመጀመሪያው እህል ከገባበት ቀን ልጅቷ እስካረፈችበት ቀን ነው። አምስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ጨበጡ፣ አቆሙ።

«መንገዱ ሩቅ ነው» ብለው ተነሱ። ጨዋቸውን አንስተው ሄዱ። ሁልጊዜ ሲለዩኝ «አላህ ያክብርሽ» ይሉኝ ነበር፤ ያን ቀን አላሉኝም።

ቆጠራውን ሳይጨርሱት ነው የሄዱት። እኔ ከጨረስኩት ቆይቷል፤ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ቀን በተመገበች ነበር።