ታቢታ ስትለካ

ታቢታ በአዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ከታወቁት ሴት ልብስ ሰፊዎች አንዷ ነበረች። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ደረት በሜትር ለክታለች፤ የራሷን ግን ማንም እንዲለካ አትፈቅድም። ሁልጊዜ የምትለብሰው እንደ ድንኳን የሰፋ ቀሚስ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአጠገቧ ባለው የስፌት መኪና ስሰፋ ምክንያቱ አልገባኝም፤ ዓይን አለኝ እያልኩ ይህን አለማየቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በ1977 መጨረሻ አንድ ቀን ራሷ ነገረችኝ። ጡቶቿ ከሥራቸው ጠበው፣ ጫፋቸው አብጦ፣ እንደ ቱቦ ነበር ያደጉት። አዲስ አበባ ይህን የሚያስተካክል የቀዶ ጥገና ሐኪም እንዳለ ሰምታ ነበርና አብረን ሄድን።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳት። አንዱ መንገድ ሲሊኮን ከሚባል ለስላሳ ነገር የተሠራ ሙሌት ጡቱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ እሱ ግን እዚህ አገር አይገኝም። ሌላው ጡቱን ከሥሩ ያነቀውን ጠንካራ ሥጋ ከውስጥ ሰንጥቆ የራሷኑ ሥጋ መዘርጋት፣ ጫፉንም ማሳነስ ነው።

ታቢታ ሥዕሉን በደንብ አየችና፣ «ዶክተር፣ የጠበበውን ስፌት ይፍቱልኝ፤ ጨርቁ እንደሆነ አለ» አለችው።

«ጠባሳ ይኖረዋል» አላት።

«ስፌት የሌለው ልብስ አይቼ አላውቅም።»

ቀዶ ጥገናው ተደርጎላት አዋሳ ተመለስን፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ቁስሏ ሻረ። አንድ ቅዳሜ፣ ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝና «ለኪኝ» አለች።

ሜትሩን ደረቷ ላይ አዙሬ ለካኋት። «ሰማንያ ስምንት» አልኩ በሹክሹክታ።

ታቢታ ደረቷን ነፋች። «ምን ያንሾካሹክሻል? ጮክ በይ!»